«ክፍት አይደል ያልሽው?»

ማዘርቦርድ መምረጥ ማለት ከመደርደሪያ ላይ የሚያምረውን ካርቶን ማንሳት የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ይምሰላቸው፣ ምን ይደረጋል። ኮምፒውተር ሸጦ የሚያድር፣ ዕድሜውን በዚሁ ዕቃ መሀል የፈጀ ሰው እንደዚያ ሲመስለው ግን አንጀት ያሳርራል። የካቻቪቴ ታላቅ ወንድም እንደዚያ ነበር። ምላሱ ጤፍ ይቆላል፤ እጁ ግን ብሎን ከማጥበቅ አያልፍም።

ካቻቪቴ ስሟ አይደለም። ገና ክፉና ደጉን ሳትለይ የቤቱን ሬዲዮ ፈታታ ምንጣፍ ላይ ስለዘረገፈችው አባቷ ያወጡላት ቅጽል ነው። አባትየው አረፉ፣ ቅጽሉ ቀረ። ዛሬ ትልቅ ሴት ሆናም እናቷም ሰፈሩም ደንበኛውም ካቻቪቴ ነው የሚላት። የወንድሟ ሱቅ ሁለት ክፍል አለው። የፊተኛው መስታወትና መብራት ነው፤ ወንድምየው እዚያ ቆሞ ይሸጣል። የኋለኛው መስኮት የሌለው፣ የብየዳ ጭስ የሚሸት፣ ጠረጴዛው በገመድ የተወረረ ክፍል ነው፤ ካቻቪቴ እዚያ ትሠራለች። ደንበኛ መጥቶ «ይህን ማሽን ማን ነው እንዲህ አሳምሮ የሠራው?» ሲል ወንድምየው ደረቱን ነፍቶ «እኛ ነን» ይላል። እኛ! አንዷ ትሠራለች፣ አንዱ እኛ ይላል፤ ሥራ የተከፋፈሉት እንዲህ ነው።

የካቻቪቴ ዋና ሙያ ማስጋለብ ነው። ፕሮሰሰር፣ የኮምፒውተሩ አንጎል፣ ከፋብሪካ ሲወጣ የተቆረጠለት ፍጥነት አለው፤ ዕውቀቱና ትዕግሥቱ ያለው ሰው ከዚያ በላይ ያስኬደዋል። እነሱ ሱቅ ይህን ማስጋለብ ይሉታል። ታዲያ ፕሮሰሰር ብቻውን አይጋልብም፤ የተቀመጠበት ማዘርቦርድ፣ ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ሰሌዳ፣ መፍቀድ አለበት። የሚፈቅደውን ቦርድ «ክፍት»፣ የማይፈቅደውን «ዝግ» ይሉታል። ክፍት መሆኑም ብቻውን አይበቃም። ከፕሮሰሰሩ ጎን ተሰልፈው ኤሌክትሪኩን እየመጠኑ የሚያቀብሉት ክፍሎች ብርቱ ካልሆኑ፣ በላያቸውም ሙቀታቸውን የሚወስድ ደህና ብረት ካልተጫነ፣ ግልቢያው መንገድ ላይ ይቀራል።

አንድ ቀን ወንድምየው በሌለበት የአንድ ካርቱን ፊልም ስቱዲዮ ባለቤት የታመመ ማሽን አሸክመው መጡ። ጠና ያሉ፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። ቆመው ስትሠራ አዩ፣ ጠየቋት፣ መለሰችላቸው። ሊወጡ ሲሉ ያልጠበቀችውን ነገር አሏት።

«የስቱዲዮዬን ማሽኖች በሙሉ ልቀይር ነው። አንዱን አዘጋጂና እኔ ጋ አምጥተሽ ዓይኔ እያየ አስጋልቢው። ከባዱን ትዕይንታችንን ሳይደነዝዝ ካወጣ የቀሩትንም አንቺ ትሠሪያለሽ። በሱቁ አይደለም፣ በራስሽ ስም።»

ይህን ከሰማች በኋላ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ከልብስ ሰፊው ጎን አንዲት ባዶ ክፍል አለች፤ ካቻቪቴ ባለፈች ባገደመች ቁጥር በመስኮቷ ታጮልቅ ነበር። ይህ ሥራ ከተገኘ ያቺን ክፍል ትከራያለች፣ የራሷን ጠረጴዛ ትዘረጋለች፣ በሯ ላይ የራሷን ስም ትሰቅላለች። ካልተገኘ ደግሞ ያው የብየዳ ጭሱ ነው፣ ያው «እኛ ነን» ነው።

ከወንድሟ አልደበቀችም። መደበቅ ነበረባት፤ ግን ከገዛ ወንድሙ የሚደበቅ ማን አለ? እናታቸውስ ብትሆን «እኔን ብትወዱ አትለያዩ» እያለች አይደለም ወይ ያሳደገቻቸው? ነገረችው። «ይቅናሽ እህትዬ» ብሎ ግንባሯን ሳማት።

ፕሮሰሰሩን ከደመወዟ ቆጥባ ገዝታዋለች። የቀረው ማዘርቦርድ ነው። ሱቁ ውስጥ ለዚህ ሥራ ይሆናሉ ተብለው የሚወሩ ሦስት ቦርዶች ነበሩ። አንዱ ሲበራ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ እየሆነ ይብለጨለጫል፤ ወንድምየው እሱን ካልወሰድሽ ብሎ ሙጭጭ አለ።

«እይው እንጂ። ሰውዬው ገና ሲያዩት ነው ልባቸው የሚጠፋው።»

«ጋሼ፣ እኔ የፈለግኩት ማዘርቦርድ ነው፤ ጭፈራ ቤት ልከፍት አይደለም።»

«የሚገዛው ዓይን ነው፣ እመኚኝ።»

«የሚጋልበው ግን ዓይን አይደለም። ይኸው፣ መብራቱን ሁሉ ደርድረው ኃይል የሚያቀብሉትን ክፍሎች ራቁታቸውን ነው የተዉዋቸው። ትንሽ ሞቅ ሲላቸው ይለግማሉ።»

ሁለተኛው ለጉድ የተሠራ ነበር፤ ግን የተጨመረበት ነገር ግማሹ ለካርቱን ሥራ አይፈይድም፣ ሰውን ባልፈለገው ነገር ማስከፈል ነው ብላ ተወችው። ሦስተኛው ጥቁር፣ ጭምት፣ መብራት የሚባል ያልፈጠረበት ቦርድ ነው፤ ካርቶኑ ላይ አቧራ ተኝቶበታል። ካቻቪቴ አውጥታ ገለበጠችው፣ የለበሰውን ብረት በጥፍሯ መታ መታ አደረገችው። ወፍራም ነው። ኃይል የሚገባበትን አየች፣ ፋን የሚሰካበትን አየች፣ ልቧ አረፈ። ከዚያው ፋብሪካ የወጣ፣ ያንኑ ጥቁር ብረት የለበሰ፣ መንትያው የሚመስል ዝግ ቦርድ ስላለ ግን ስሙን ደግማ አነበበች። የሁለቱ ልዩነት አንዲት ፊደል ናት።

«ይኼን ነው የምፈልገው ጋሼ። ክፍቱን። ከመንትያው እንዳታምታታብኝ።»

«ክፍቱን፣ ሰማሁ» አለ። ቀጥሎ ደግሞ ድምፁን አለስልሶ፦ «እስቲ ይህቺን አንዲት ማሽን እንኳ በገዛ እጄ ልግጠምልሽ። መታሰቢያዬ ትሁንሽ።»

ሆዷ ባባ። በዚያ ሱቅ ስትሠራ ስትኖር ወንድሟ ለእሷ ብሎ አንድ ብሎን አጥብቆ አያውቅም። ደግሞም መግጠም ማስጋለብ አይደለም፤ ቦርዱን የማሽኑ ሣጥን ውስጥ አስሮ፣ ፕሮሰሰሩን አስቀምጦ፣ ማቀዝቀዣውን ከላይ መጫን ነው። ይህን አያጣውም ብላ እሺ አለች። በማግስቱ ጠዋት ማሽኑ ተዘግቶ፣ ታሽጎ፣ በሱቁ መኪና በቀጥታ ወደ ስቱዲዮው ተላከ። እሷም በሌላ መንገድ ተከተለችው።

ስቱዲዮው መጋረጃው የተዘጋ ረጅም ክፍል ነው። ሠዓሊዎቹ የጆሮ ማዳመጫ አጥልቀው፣ አንዲት ጥንቸል ከአጥር ላይ እንድትዘል ሳምንቱን ሙሉ ይለፋሉ። ባለቤቱ ወንበር ስበው ከካቻቪቴ ጎን ተቀመጡ። ማሽኑን አበራችና ባዮሱን፣ ማለትም ማሽኑ ከመነሣቱ በፊት የሚከፈተውን የቅንብር ገጽ፣ ከፈተች። የፍጥነቱን መስመር ፈልጋ ቁጥር ልትጽፍ ጣቷን ጫነች። መስመሩ አመድ መስሏል። አልነካም አላት። ወጥታ ገባች፣ አሁንም እንቢ አለ። ቀና ብላ ከገጹ ራስ ላይ የተጻፈውን የቦርዱን ስም አነበበች። አንዲቷ ፊደል ሌላ ናት።

ዝጉ ነው።

«ምነው?» አሉ ባለቤቱ።

«ቦርዱ... የመረጥኩት አይደለም።»

«ታዲያ ማን መረጠው?»

ምን ትበል? ወንድሜ ነው የገጠመው ብትል፣ የእናቴ መቀነት አደናቀፈኝ እንደሚለው ሰበበኛ መሆኗ ነው። ከወዲያ ማዶ ያሉት ሠዓሊዎች ማዳመጫቸውን እያወለቁ ያዩዋት ጀመር። ባለቤቱ ተነሡ። አልተቆጡም፤ ቢቆጧት በተሻላት ነበር።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። አስተካክዬ ልመለስ» አለች።

«ከሰዓት እዚሁ ነኝ» አሏት።

መንገዱን ሙሉ ለወንድሟ ስትሟገትለት ሄደች። ተሳስቶ ነው፤ አንዲት ፊደል ናት፤ ማንም ይሳሳታል። ስህተት ይሁን ብላ ተመኘች፣ ከልቧ ተመኘች። ሱቅ ስትደርስ ወንድሟ ለሁለት ደንበኞች ያንን የሚብለጨለጨውን ቦርድ እያሳየ ነበር።

«ጋሼ፣ ክፍቱን ብዬህ ዝጉን ነው የገጠምክልኝ። ተሳስተህ ነው?»

ሰው «አዎ፣ ተሳስቼ ነው» ቢል ምን ይጎድልበታል? በዚያች ሰዓት ይህን ቢላት ይቅር ብላው፣ ትክክለኛውን ይዛ ትሮጥ ነበር። እሱ ግን ደንበኞቹን አየት አደረገና ፈገግ አለ።

«ክፍት አይደል ያልሽው? ካርቶኑ ተከፍቶ የነበረው እሱ ነዋ። ክፍት አልሽ፣ ክፍት ሰጠሁሽ።»

ደንበኞቹ ሳቁ። ዓይኑን በጨው አጥቦ እኮ ነው! በዚያ ሱቅ ክፍት ቦርድ ማለት ምን ማለት እንደሆነ በር ላይ የሚቆመው ዘበኛ እንኳ ያውቃል። ደሟ ፈላ። አልፋው ገባችና የመረጠችውን ቦርድ መፈለግ ጀመረች። መደርደሪያው ላይ የለም። የኋላው ክፍል ውስጥም የለም። በመጨረሻ ያገኘችው እሱ ከሚቆምበት ባንኮኒ ሥር፣ መሳቢያ ውስጥ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ በፌስታል ታስሮ ነው። የተሳሳተ ሰው አይደብቅም።

«ይኼ እዚህ ምን ይሠራል?»

የወንድምየው ፈገግታ ጠፋ። ወደ እሷ ዘንበል ብሎ በሹክሹክታ፦ «ለአንቺ ብዬ ነው» አላት። «ታቃጥዪዋለሽ። ያን ሁሉ የለፋሽበትን ፕሮሰሰር አመድ ታደርጊዋለሽ። ሰው ፊት እንዳትዋረጂ ብዬ ነው።»

«ለስንቱ ጀማሪ ክፍት ቦርድ ስትሸጥ ትውል የለ? እነሱ አያቃጥሉም?»

«እነሱ እህቶቼ አይደሉም።»

ይህን አነጋገር ልብ በሉልኝ። «ለአንቺ ብዬ ነው» የሚሉት ቃል ስንት ጉድ ይሸፍናል! ለአንቺ ብዬ ነው እያለ እጅሽን የፊጥኝ ያስርሻል፤ ከዚያ ዞር ብሎ፣ አያችሁ፣ እጇ አይሠራም ይላል። ሰው ፊት እንዳትዋረድ ብሎ ሰው ፊት አዋረዳት። ባዕድ ቢያደርገው እኮ ሌባ ተብሎ ይጠራል፤ ወንድም ሲያደርገው አሳቢ ይባላል።

«የማቃጥለው የራሴን ነው» አለች ካቻቪቴ፤ ቦርዱን ታቅፋ ወጣች። ከኋላዋ «ተረጋጊ እንጂ፣ መጀመሪያ ምሳ ብዪ» ሲል ሰማችው። ምሳ!

ገና መንገዱን ሳታጋምስ ስልኳ ጮኸ። እናቷ ናት። ወንድምየው ቀድሞ ደውሎላታል፣ መቼም ለዚህ ለዚህ ማን ይቀድመዋል።

«ወንድምሽን ደንበኛ ፊት አዋረድሽው አሉ።»

«እማዬ፣ አሁን መንገድ ላይ ነኝ።»

«ቻይው ልጄ። ታላቅሽ አይደል?»

«እስከ ዛሬ የቻልኩት አይበቃም?»

«ግን ምን አደረገሽ?»

ካቻቪቴ መንገዱ ዳር ቆመች። ዝግ ቦርድ ገጠመልኝ ብትላት እናቷ ምን ይገባታል? የተገፋ ሰው በደሉ እንኳ አስተርጓሚ ሲፈልግ እንደማየት የሚያናድድ ነገር የለም። ትንሽ አሰበችና፦ «እማዬ፣ ልጋልብ ስል ፈረሱን አዘጋጅቼልሻለሁ ብሎ እግሩን አስሮ ሰጠኝ። ሰው ተሰብስቦ እያየኝ» አለቻት።

እናትየው ወንድ ልጇን የምትወደውን ያህል ውሸት አትወድም።

«አውቆ ነው?»

«አውቆ ነው። ትክክለኛውን ደብቆት አገኘሁት።»

«እንግዲያው ሂጂ» አለች እናቷ። «ሂጂ፣ እንዳይረፍድብሽ።»

ስቱዲዮ ስትደርስ ባለቤቱ ከጠረጴዛቸው አልተነሡም። መነጽራቸውን አውልቀው በእርጋታ አዩዋት።

«ወንድምሽ ደውሎልኝ ነበር። እህቴ ገና አልበሰለችም፣ ቦርዱን አምታታችው፣ ማሽኖቹን እኛ እናቀርብልዎታለን አለኝ።»

ቦርዱን መቀየሩ ሳያንስ፣ ጥፋቱን እሷ ላይ ለጥፎ ሥራውን ሊወስደው! ለካ ጠዋት የተቆፈረላት ጉድጓድ ይህ ኖሯል። ማልቀስ አማራት፤ ይህን ደስታ ለማን ልትሰጥ? ዋጠችው።

«እርስዎስ ምን አሉት?»

«አስብበታለሁ አልኩት።»

«እንግዲያው አይተው ያስቡበት። ሌላ ምንም አልልዎትም።»

ባለቤቱ ወንበራቸውን እንደ ጠዋቱ አመጡ። ካቻቪቴ እሽጉን ቀደደች፣ ማቀዝቀዣውን አነሣች፣ ፕሮሰሰሩን በጥንቃቄ አውጥታ ዝጉን ቦርድ ነቀለች። ክፍቱን አሠረች። ማሽኑን አበራች። መስመሩ ነጭ ሆኖ ተቀበላት። ፍጥነቱን ትንሽ ጨመረች፣ ፈተነችው። ኃይሉን በጥቂቱ ከፍ አደረገች፣ ሙቀቱን አየች፣ ደግማ ጨመረች። የሚያስጋልብ ሰው ስስታም መሆን የለበትም፣ ጅብም መሆን የለበትም። ልኩን ሲያገኝ ማቆም አለበት። ልኩን አገኘችና አቆመች።

«ከባዱን ትዕይንት ይክፈቱልኝ» አለች።

ከፈቱት። ማሽኑ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ እያጠናቀቀ ያወጣ ጀመር። ሠዓሊዎቹ አንድ ሁለት እያሉ መጥተው ከኋላ ቆሙ። አንደኛዋ «የእኔ ማሽን እኮ እዚህ ጋ ሲደርስ ነው የሚሞተው» አለች። ይኼኛው አልሞተም። ካቻቪቴ በአንድ እጇ ተጨማሪ ፋን ኃይል አቀባዮቹ ላይ ደግና፣ በሌላው ገመዱን ይዛ ስለነበር ስልኳ ሲጮኽ በትንሽ ጣቷ ድምፅ ማጉያውን ነካችው። የኋላው ክፍል ጠረጴዛዋ ላይ ስትሠራ ሁልጊዜም እንደዚያ ነው የምታወራው፤ የሚሠራ ሰው ስልክ ጆሮው ላይ የሚይዝበት እጅ የለውም። ወንድምየው ግን ጠረጴዛው ጋ ቆይቶ ስለማያውቅ ይህን አያውቅም።

«የት ነሽ?» አለ።

«ስቱዲዮ።»

«እና... ሠራ?»

«እየጋለበ ነው።»

ከጠዋት ጀምሮ ባልሰማችው ጥድፊያ ቀጠለ።

«ስሚኝ። አጥፊው።»

«ምን?»

«አጥፊውና እንቢ አለኝ በያቸው። ሥራውን በሱቁ ስም ልውሰደው፤ የምትሠሪው ያው አንቺ ነሽ፣ ምን ይለያል? አንቺ ከሄድሽ እኔ ምን አለኝ? እኔ መሸጥ ብቻ ነው የማውቀው። ከዚህ ሱቅ የወጣ ማሽን በሙሉ የአንቺ ሥራ ነው፤ አንቺም ታውቂዋለሽ።»

ካቻቪቴ ልታቋርጠው ትችል ነበር፤ አላቋረጠችውም። ይህችን ቃል እኮ ስንት ዓመት ጠብቃታለች! አንድ ቀን፣ አንድ ደንበኛ ፊት፣ «የሠራችው እህቴ ናት» ይለኛል ብላ ስንት ጊዜ ከኋላው ክፍል ጆሮዋን ጥላለች። አሁን አላት። ሲያመሰግናት አይደለም፤ ሊሰርቃት ሲለምናት ነው ያላት። ባለቤቱ ዓይናቸውን ከስልኩ ላይ አላነሡም።

«ጋሼ» አለች ቀስ ብላ፣ «ባለቤቱ አጠገቤ ናቸው። ሁሉም እየሰማህ ነው።»

ባለቤቱ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው «አስብበታለሁ ብዬህ ነበር፤ አሰብኩበት» አሉ። ከዚያ ወደ ካቻቪቴ ዞረው፣ የቀሩትን ማሽኖች መቼ መጀመር እንደምትችል ጠየቋት።

ወንድምየው ስልኩን አልዘጋውም። ጥቂት ቆይቶ፣ ልጅ ሳሉ መብራት ሲጠፋ ሲጠራት በነበረበት ድምፅ፦ «ነገ ትመጫለሽ አይደል?» አላት።

አንጀቷን በላት። ይኸው ደግሞ ከሁሉም የባሰ አናደዳት፤ ቀኑን ሙሉ ሲጎዳት ውሎ፣ በስተመጨረሻ የምታዝነው እሷ መሆኗ።

«አልመጣም ጋሼ።»

«ታዲያ ሱቁን ልዝጋው?»

«ወይ ዝጋው፣ ወይ ሙያውን ተማር» አለችው።